ከመስከረም በፊት የሚሰፋ ልብስ



ለችግረኛ ልጆች ልብስ መስፋት ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ደግነት ነው፤ ማን ቸር ነው፣ ማን ንፉግ ነው ይባላል። እኔ ዛሬ በሌላ በር ልግባ። በዚህ አገር ደግነት አልጠፋም፤ የጎደለው ደግነቱ ልጁ ዘንድ የሚደርስበት ልክና ጊዜ ነው። የማቀርበው ክርክር አንድ ነው፦ ለልጅ የሚሰፋ ነገር የሚጠቅመው በልጁ ቁመት ልክ ሲቆረጥ፣ ልጁ በሚፈልገው ወር ሲደርስና ሲቀደድ የሚጠግነው እጅ በአቅራቢያው ሲገኝ ነው። ሦስቱም የሚሟሉት ደግሞ ስፌቱ ልጁ በሚኖርበት ቀበሌ ሲሠራ ነው። ከሩቅ የሚላክ ልብስ የቱንም ያህል በፍቅር ቢሰፋ ሦስቱን አንድ ላይ ማሟላት ይቸግረዋል። ይህን በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ፤ የሚነሡትን ተቃውሞዎችም አላልፋቸውም፤ አንዳንዶቹ ከባድ ናቸውና።

ከጊዜው ልጀምር። እንፍራንዝን ጨምሮ ከፎገራ ሜዳ እስከ ደንቢያ ባለው የጣና ዳርቻ የገበሬው ገንዘብ የሚመጣው አዝመራው ሲሰበሰብ ነው። ሩዙ ክረምት ሲገባ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ጤፉም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ትምህርት ቤት ግን የሚከፈተው በመስከረም ነው። ስለዚህ ደብተር፣ እስክርቢቶና ዩኒፎርም የሚጠየቁት ያለፈው ዓመት እህል ባለቀበት፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ በቆመበት ወር ነው። ድሃ ቤት ዓመቱን ሙሉ እኩል ድሃ አይደለም። ያው ሸሚዝና ሱሪ በጥር ቢጠየቅ ኖሮ ብዙ አባት ሳይጨነቅ ይገዛው ነበር፤ በመስከረም ግን ፍየል መሸጥ፣ በወለድ መበደር፣ አለዚያም ከልጆቹ ማንኛው ይቅር ብሎ መምረጥ ሊኖርበት ነው። ሰፊዎቻችንም ያውቁታል፤ ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል የሚሰፋው ሁሉ በነሐሴ መጨረሻ አንድ ላይ ስለሚመጣ ወረፋው የሚረዝመው ድሃው ኪሱ ባዶ በሆነበት ሰሞን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ አሥረኛ ክፍል ያለውን የመንግሥት ትምህርት ከክፍያ ነፃ አድርጎታል። የክፍያው በር ሲከፈት ግን ዩኒፎርሙ ደጃፉ ላይ ቀረ። መምህሩ ርኅሩኅ ሆኖ ያለ ዩኒፎርም የመጣውን ልጅ ቢያስገባው እንኳ፣ በእራፊ የተለጣጠፈ ልብስ የለበሰው ልጅ ራሱ በጓደኞቹ ፊት ጥቁር ሰሌዳው ዘንድ መቆም ያሳፍረዋል። እፍረት በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም፤ የቀረበት ቀን ግን ይጻፋል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል በጎረቤታችን በኬንያ የተደረጉ ጥናቶችን እንይ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከክፍያ ነፃ ስታደርግ ዩኒፎርም ግን በወላጅ ላይ ቀረ፤ ልክ እንደ እኛው። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር በምዕራብ ኬንያ በ328 ትምህርት ቤቶች ባካሄዱት ጥናት፣ በዕጣ በተመረጡት ትምህርት ቤቶች ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ነፃ ዩኒፎርም ተሰጠ። ከሴቶቹ መካከል ትምህርት የሚያቋርጡት ከ19 በመቶ ገደማ ወደ 16 በመቶ ገደማ ወረዱ፤ ከወንዶቹም ቁጥሩ ቀነሰ፤ ያለ ዕድሜ የሚያረግዙት ልጃገረዶችም አነሱ። ሌላው ጥናት፣ ዴቪድ ኢቫንስ፣ ክሬመርና ሙቶኒ ንጋቲያ ያካሄዱት፣ ዩኒፎርም ያገኙ ልጆች ከትምህርት ገበታ የሚቀሩበት ጊዜ ከሲሶ በላይ እንደቀነሰ፣ ቀድሞ ዩኒፎርም ፈጽሞ ባልነበራቸው ልጆች ዘንድ ደግሞ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። አንድ ሸሚዝና አንድ ቁምጣ ወይም ቀሚስ ይህን ያህል ከሠራ፣ የስፌት ሥራ ለትምህርት ቤት በር ቅርብ ነው ማለት እችላለሁ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ደግሞም ከዚያው ጥናት የሚነሣ ነው። ኢቫንስና ባልደረቦቹ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲመረምሩ፣ ዩኒፎርሙ ልጆቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመጨረሳቸው ላይ ያመጣው ዘላቂ ለውጥ አልተገኘም። ታዲያ ድካሙ ከንቱ ነው? አይመስለኝም። አንድ ጊዜ የተሰጠ ልብስ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ ያልቃል። ያለቀ ልብስ ከስምንት ዓመት በኋላ ውጤት እንዲያሳይ መጠበቅ ዘንድሮ የተበላ እንጀራ ለከርሞ እንዲያጠግብ መፈለግ ነው። ጥናቱ ለእኔ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው፤ በዘመቻ የሚሰጥና የሚቆም ስፌት ልጁን በር ድረስ ያደርሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ የሚመለስ እጅ ይፈልጋል። በየዓመቱ መመለስ የሚችለው ደግሞ እዚሁ ያለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በየዓመቱ ማቅረብ የጀመረችው ይህንኑ አውቃ ይመስለኛል። እንፍራንዝ የአዲስ አበባ በጀት የላትም፤ ልብስ ሰፊ ግን አላት።

ስለ ልጃገረዶች ስንናገር ዝም ተብሎ የሚታለፈውን ነገር ላንሣው፤ አባቶችም ባታፍሩብኝ እወዳለሁ። ልጅቷ የወር አበባ ስታይ ሞዴስ መግዣ ከሌላት በአሮጌ ጨርቅ ነው የምትጠቀመው፤ ጨርቁ እንዳይፈስባት እየፈራችም ክፍል ውስጥ አትነሣም፣ አንዳንዷም ከናካቴው ትቀራለች። በዚህ ጉዳይ አገራችን ለዓለም የምታሳየው ሰው አላት። በአዲግራት ተወልዳ በአሜሪካ ኬሚካል ምሕንድስና የተማረችው ፍሬወይኒ መብራህቱ፣ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ ነድፋ የባለቤትነት መብት አስመዘገበች፤ በመቀሌም በልጇ ስም ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲ.ኤን.ኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማት። ሠራተኞቿ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አንዱ መጠበቂያ በአግባቡ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። የነገሩ አሠራር ለሰፊ አዲስ አይደለም፤ ከላይ ለገላ የሚለሰልስ ጥጥ፣ ከመሐል ደራርቦ የሚመጥ ጨርቅ፣ ከታች እርጥበት የማያሳልፍ ገበር፣ በጎንና በጎን ደግሞ ከውስጥ ሱሪ ጋር የሚያያዝ ክንፍና ቁልፍ ነው። በእጅ መርፌም ሊሰፋ ይችላል።

ይሁንና ሞዴስ ተሰጠ ማለት ልጅቷ ከትምህርት አትቀርም ማለት ነው ብሎ መናገር ከማስረጃው ማለፍ ይሆናል። ኤሚሊ ኦስተርና ሬቤካ ቶርንተን በኔፓል ባካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ልጃገረዶች በወር አበባ ምክንያት የሚቀሩት በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ከግማሽ ቀን ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የተሰጣቸው የወር አበባ መቀበያ ኩባያም መቅረታቸውን አልለወጠውም። በኡጋንዳ ካሙሊ ወረዳ በስምንት ትምህርት ቤቶች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ግን ሌላ አሳየ፤ መጠበቂያ ወይም ስለ ጉርምስና ትምህርት፣ አለዚያም ሁለቱንም ያገኙት ልጃገረዶች፣ ምንም ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በመገኘት 17 በመቶ ያህል የተሻሉ ሆኑ። የሚያስገርመው ትምህርቱ ብቻ የተሰጣቸውም መጠቀማቸው ነው። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ሳያቸው የምረዳው ይህ ነው፦ ጨርቁ ብቻውን አይበቃም፤ ጨርቁን የምትሰጠው ሴት ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብላ ማውራት አለባት። እንዴት እንደሚታጠብ፣ ለምን ከአልጋ ሥር ተደብቆ ሳይሆን ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለበት፣ በክረምት ቶሎ ስለማይደርቅ ለምን ተጨማሪ ሁለት እንደሚያስፈልጋት መንገር ያስፈልጋል። ከሚኒሶታም ሆነ ከሜልቦርን በካርቶን የመጣ መጠበቂያ ይህን ወግ ይዞ አይመጣም። እዚሁ የምትሰፋው እቴቴ ወይም እታባ ግን ትነግራታለች። መገኘት ባይጨምር እንኳ የልጅቷ ጭንቀት መቅለሉ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው፤ ሁሉም መልካም ነገር በመገኘት መዝገብ መለካት የለበትም።

ከዚያም ታናናሾች አሉ። ጨቅላ ሲወለድ ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ በጎንደር ሪፈራል ሆስፒታል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከተወለዱት ሕፃናት ከአሥሩ ወደ ሰባት የሚጠጉት የሰውነት ሙቀታቸው ከሚገባው በታች እንደነበር ዘግቧል። ለዚህ ዋነኛው መድኃኒት የእናት ገላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች አስተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው ጥናት፣ ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም በታች የሆኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ወዲያው ከእናታቸው ደረት ጋር ሲታቀፉ ሞታቸው በ25 በመቶ ቀንሷል። ሕፃኑ እንደዚያ ሲታቀፍ የሚያስፈልገው ልብስ ጥቂት ነው፤ ቆብ፣ ካልሲና እናቲቱን ከልጇ ጋር የሚያስር ማዘያ። ይህን መስፋት ከሁሉም ይቀላል፤ ከሸሚዝ የተረፈ ቁርጥራጭ ይበቃዋል። ቆቡ ብቻውን ሕይወት አያድንም፤ ከእናት ገላ ጋር ሲሆን ግን ሥራ አለው። በጤና ጣቢያው በኩል እንዲሄድ የምመክረውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር ልምጣ። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ ሊትል ድሬስስ ፎር አፍሪካ የተባለ በጎ አድራጎት አለ፤ ሴቶች ከትራስ ልብስ ትንንሽ ቀሚስ ሰፍተው ወደ አፍሪካ ይልካሉ። ቀሚሱ እጅጌ የለውም፤ ትከሻው ላይ በሪቫን ይታሰራል። ስፌት የማያውቅ ሰውም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል፤ የንድፉ ብልሃት ይህ ነው። የሰፊዎቹን ፍቅር አልጠራጠርም፤ አያቶች የዓይናቸውን ብርሃን ሰጥተው የሰፉት ነው። ነገር ግን የእኛ ልጅ በሐምሌ ጉም ውስጥ፣ በባዶ ክንድ፣ ከጣና በሚመጣው ነፋስ ውስጥ ያን ቀሚስ ለብሳ መሄድ አትችልም፤ በትምህርት ቤትም ዩኒፎርም አይሆናትም። ልኩ የተወሰደው ከትራሱ እንጂ ከልጅቷ አይደለም። ለመላክ የሚወጣው የማጓጓዣ ገንዘብ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ገበያ ስንት ሜትር ካኪና ፖፕሊን ሊገዛ እንደሚችል አስቡት።

ሁለተኛው ጉዳይ ቦንዳው ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕጋችን የተከለከለ ቢሆንም ሳልባጅ በየገበያው አለ፤ ርካሽም ነው። «ቦንዳ ካለ ለምን እንሰፋለን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ቤተሰቡን በእሱ በሚያለብስ ድሃ ፊት ቆሞ ሳልባጅን ማውገዝም አይገባም። ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው አለ። ጋርዝ ፍሬዘር የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት ያገለገለ ልብስ በብዛት መግባቱ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት በአፍሪካ ከታየው የልብስ ምርት መቀነስ 40 በመቶ ያህሉን እንደሚያስረዳ ጽፏል። በዚያ ቁጥር ውስጥ ያሉት በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰፊዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የአንዱን ችግረኛ ልጅ ስናለብስ የሌላውን አባት ሥራ የምንዘጋ ከሆነ፣ የችግረኛ ልጆችን ቁጥር በሌላ በኩል እያበዛን ነው። ቦንዳ ደግሞ ዩኒፎርም የለውም፤ የትምህርት ቤቱን ቀለም የያዘ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ልክ የሆነ ሸሚዝ በቦንዳ ውስጥ መፈለግ ዕድል መሞከር ነው።

በአገር ውስጥ ይሰፋ ስል ያልነበረ ነገር እየፈጠርኩ አይደለም። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር የንጉሠ ነገሥቱ የኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ከተሰለፉባቸው ሥራዎች አንዱ ነበር፤ ሴቶቹ ለወታደሩ ልብስና ፋሻ፣ ከመርዝ ጋዝ መከላከያም ጭምር ሰፍተዋል። ስፌት በዚያ ዘመን የቤት ውስጥ ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም፤ የአገር ሥራ ነበር። ወደ ራሳችን ሰፈር ስንመጣ፣ ከዚህ በስተ ደቡብ በፎገራ ወረዳ የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። ዙምራ ኑሩ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ የእርሻ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ በሽመና ይተዳደራል፤ ወንዱም ሴቷም ያለ ልዩነት ይሸምናሉ፤ ሽማግሌዎቻቸውንና ሕመምተኞቻቸውን የሚረዱበት የጋራ ሥርዓትም አላቸው። በጎንደር ምድር ሸማኔና ቀጥቃጭ ለብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል፤ ቤተ እስራኤል ሸማኔዎችም ያንን ንቀት ተሸክመውት ኖረዋል። አውራምባ የሠራው ትልቁ ነገር ይህን ንቀት በሥራ መመለሱ ይመስለኛል። ባሕር ዳር ደግሞ በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተሠራና በ1961 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እንፍራንዝ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል በዋናው መንገድ ላይ ስለሆነች ብትን ጨርቅ ከሁለቱም ገበያ ያለ ትርፍ ጭነት ይደርሳታል። የሚያስተምር፣ የሚፈትል፣ የሚሸምን፣ የሚሰፋ ሁሉ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ አለ። የጎደለው የሚያገናኛቸው ነው።

«ገንዘቡን በቀጥታ ለቤተሰቡ ስጡት፤ የሚፈልገውን እሱ ያውቃል» የሚሉ አሉ፤ በብዙ ጉዳይ እስማማለሁ። የሚበላ ላጣ ቤት ሸሚዝ ይዞ መሄድ ስድብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በመስከረም ገንዘብ ሲሰጥ፣ የታመመ ካለ ለመድኃኒት፣ ዕዳ ካለ ለዕዳ ይሄዳል፤ ይህም ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ወላጁ የቸገረውን አስቀድሞ ያስታግሣል። ልጁ ግን ያለ ዩኒፎርም ይቀራል። ልብሱ ሲሰጥ የልጁ ድርሻ የልጁ ሆኖ ይቆያል። ሌላው ሥጋት ጥገኝነት ነው። ብሩስ ዋይዲክና ባልደረቦቹ በኤል ሳልቫዶር በቶምስ ኩባንያ የሚሰጡትን ጫማዎች ሲያጠኑ፣ ጫማ ያገኙ ልጆች የቤተሰባቸውን ፍላጎት ሌሎች ሊያሟሉላቸው ይገባል ማለታቸው ከፍ ብሎ አገኙት። ይህን ማስረጃ አቃልሎ ማለፍ አይገባም። መልሱ ግን መስጠትን ማቆም ሳይሆን አሰጣጡን መለወጥ ነው። ወላጁ በሚችለው ይካፈል፤ አንዷ እናት ቁልፍ ትትከል፣ አንዷ ጠርዝ ትቀምቅም፤ አባት በጥር አዝመራው ሲገባ ለከርሞ የሚሆን አንድ ሜትር ጨርቅ ይግዛ። ከሩቅ አገር የመጣ ጫማ እንዲህ ያለ ድርሻ ለወላጅ አይሰጥም፤ ጎረቤት የሚሰፋው ሸሚዝ ግን ይሰጣል።

«ያልሠለጠነ እጅ የሰፋው ልብስ ይቀደዳል፤ ልጁን ሁለተኛ ያሳፍረዋል» ለሚለው ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እገዛለታለሁ። ለድሃ ነው ተብሎ ሻካራ ስፌት መስፋት ነውር ነው። ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል የዳነች ሴት ወደ አገሯ ስትሸኝ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል፤ የባሕር ዳሩ ማዕከልም የዚያው ሥራ ቅርንጫፍ ነው። አዲስ ቀሚስ መሆኑ ዋጋ አለው፤ በሕመሟ ምክንያት ዓመታት ከሰው የተለየችውን ሴት እንደ ሰው የሚያወጣት አንዱ ነገር ነውና። ለልጅም ያው ነው። ስለዚህ ቆረጣውንና ስፌቱን ሰፊዎች ይያዙት፤ የሌላው ሰው እጅ በቀላሉ ሥራ ላይ ይግባ። ለልጅ ሲሰፋ ደግሞ ሰፊዎች የምታውቁት፣ በመድረክ ግን መነገር የሚገባው ነገር አለ። ልጅ ያድጋል፤ ስለዚህ የሱሪው ጫፍና የእጅጌው ጫፍ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀምቀም፤ በሚቀጥለው ዓመት ይፈታል። ጉልበቱና ክርኑ መጀመሪያ የሚያልቁት ስለሆኑ ከውስጥ ድርብ ይሁኑ። የጎኑ ስፌት ሁለት ጊዜ ይመላለስ። ኪስ አይቅር፤ ኪስ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ሸሚዝ ስፋቱ መደበኛ የሆነ ብትን ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃል፤ ከእሱ የሚተርፈው ደግሞ የጨቅላ ቆብ ይወጣዋል።

የመጨረሻውና የከበደው ተቃውሞ የዘመኑ ነው። በክልላችን በአማራ በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ እንደነበሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ አስታውቋል። «በሩ የተዘጋበት ልጅ ዩኒፎርም ምን ይሠራለታል?» የሚል ሰው ስለ ልጆች አስቦ ነው የሚለውና ንግግሩን አከብራለሁ። መርፌ ጦርነት አያቆምም። ግን ልጅ ከትምህርት አንድ ዓመት ከቀረ በኋላ መመለስ ከባድ ነው፤ ልብሱ ጠቦታል፣ ጓደኞቹ አልፈውታል፣ እረኝነት ወይም ጉልበት ሥራ ለምዷል። ትምህርት ቤቱ የተከፈተ ዕለት ሊመለስ የሚችለው ተዘጋጅቶ የጠበቀው ልጅ ነው። ልብስ ያለው ልጅ ላለመመለስ ከሚሆኑት ሰበቦች አንዱ ተነሥቶለታል። ደግሞም ስፌት ትምህርት ቤት እስኪከፈት አይጠብቅም፤ የተፈናቀለ ልጅ ዛሬም ይበርደዋል፤ ልጃገረዲቱ ትምህርት ቤት ብትሄድም ባትሄድም በየወሩ መጠበቂያ ትሻለች። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚለውንም አልክድም፤ መንግሥት ይሥራው፤ በጀቱ እስኪመጣ ግን ልጁ ያድጋል።

እንግዲህ የምጠይቀውን ልናገር። የመጀመሪያው ሥራ ከመስፋት በፊት መለካት ነው፤ ጊዜውም ሰኔ ነው። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት የትኛው ልጅ እንደሚቸገር የክፍል መምህሩ ያውቃል። ዝርዝሩ በመምህሩና በአንድ የዕድር ሰው እጅ ብቻ ይቆይ፤ ልጆች በሰልፍ ቆመው፣ ፎቶ እየተነሡ ልብስ መቀበል አይገባቸውም። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ይለኩ፤ ማን የሚሰፋለት እንደሆነ ማንም አይወቅ። ሐምሌ ለሰፊዎቻችን ሥራ የሚቀዘቅዝበት ወር ነው፤ ሠርግ የለም፣ የበዓሉ ወረፋም ገና አልመጣም። በዚያ ወር ቢቆረጥና ቢሰፋ ሰፊው ሥራ በፈታበት ጊዜ ክፍያ ያገኛል፣ ዋጋውም ከነሐሴው ይረክሳል። ሰፊው በነፃ ይሥራ አልልም፤ ድሃው ሰፊ ለድሃው ልጅ ብቻውን እንዲከፍል መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጨርቁን ሰንበቴውና ዕድሩ ይግዙት፤ በውጭ አገር ያሉ የዚህ አካባቢ ልጆችም ልብስ ከሚልኩ የጨርቅና የስፌት ዋጋ ቢልኩ ይሻላል። ሞዴሱን ሴት መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይያዙት፤ ለብቻው፣ ከወጉ ጋር። ልብሱ በነሐሴ መጨረሻ በየቤቱ፣ በማታ፣ በእናት እጅ ይግባ።

ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ሜትር ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሁለት ሰፊዎችና አብረዋቸው ልክ የሚመዘግቡ ሁለት መምህራን በበሩ ላይ ባለው ወረቀት ስማቸውን ያስፍሩ፤ የጨርቁን ዋጋ ጉዳይ የዕድር ሰብሳቢዎች እዚሁ ቆመው ይነጋገሩበት።